ሰሙን ጥሎ ወርቁን መሻት፦ ስለ ቃሉ አነባበባችንና ስለ ዕለት ተዕለት ታዛዥነታችን ከመርጡለ ማርያም የተነሣ ሂሳዊ ምልከታ

መግቢያ

እኛ ወንጌላውያን ራሳችንን ስናስተዋውቅ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው «እኛ የምንመራው በመጽሐፍ ቅዱስ ነው» የሚል ቃል ነው። አባባሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕይወታችን በዚሁ አባባል ሲለካ ልክ ይመጣል ወይ? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ያነሣል። የሚተቸውም ሌሎችን ሳይሆን እኛኑ ነው፤ ጸሐፊውም ከሚተቹት አንዱ ነው።

ምልከታዬን ከአዲስ አበባ ወይም ከደቡብ አብያተ ክርስቲያናት አልጀምርም። ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከመርጡለ ማርያም አካባቢ እጀምራለሁ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ፕሮቴስታንት ተብሎ የተመዘገበው ሰው በአገር አቀፍ ደረጃ 18.6 ከመቶ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ግን 0.2 ከመቶ ብቻ ነበር። ብዙ በሆንበት ስፍራ ጉድለታችን በብዛታችን ይሸፈናል። ጥቂት በሆንበት ስፍራ ግን እያንዳንዱ አማኝ ለጎረቤቱ ሳይሸፈን የተገለጠ መልእክት ነው (2ቆሮ. 3፥2-3)። ስለዚህ ለቃሉ ያለን ታማኝነት የሚፈተነው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው።

የአገሩ ሦስት ትምህርቶች

መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከጥንታዊው ገዳም ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ያሠራችው ሕንፃ ፍርስራሽ፣ በድንጋይ ላይ ከተቀረጸው ጌጡ ጋር፣ ዛሬም ይታያል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በዚሁ ስፍራ ላይ ሠርተዋል። ለነገረ መለኮት ተማሪ ይህ አካባቢ ቢያንስ ሦስት ትምህርት አለው።

የመጀመሪያው በአዋጅ ስለ መጣ እምነት ነው። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን ካቶሊክ እምነት በይፋ ተቀበለ። ከ1625 ጀምሮ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መሪነት ዳግም ጥምቀትና ዳግም ክህነት ታዘዘ፤ ሕዝቡም የለመደው ሥርዓተ አምልኮ እንዲለወጥ ተጠየቀ። ውጤቱ ዓመፅና ደም መፋሰስ ሆነ። በ1632 ንጉሡ ራሱ አዋጁን ሽሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። አዋጁ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ፤ ሕንፃውም ቆመ፤ ወደ ገበሬው ቤት ግን አልገባም። ከላይ የታወጀ ትምህርት፣ ትክክል ይሁን ስሕተት፣ በዕለት ኑሮ ውስጥ ካልተተከለ ሥር አይሰድም።

ሁለተኛው ስለ ጉባኤ ቤት ነው። የቢቸናና የሞጣ አገር የሊቃውንት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የሚጠራ የትምህርት ማዕከላት ናቸው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ደጅ ለደጅ እየለመነ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄድ ነበር። ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን በትርጓሜ ለመማር ስንት ዘመን ይፈጅ እንደ ነበር ስናስብ፣ «ጎረቤቶቻችን መጽሐፍ ቅዱስን አያውቁም» እያልን በችኮላ የምንናገረው ነገር ሊያሳፍረን ይገባል።

ሦስተኛው ስለ አንድ የጎጃም ሰው ነው። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሊቅ በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንሲል ከአስለን ደ ሼርቪል ጋር ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎመ። ሥራው ዐሥር ዓመት ያህል ወሰደ። ሁለቱ ሰዎች በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ዘግተው ይሠሩ ነበር። ተርጓሚው ብዙም ሳይቆይ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ የድካሙን ፍሬ ታትሞ አላየም። የእጅ ጽሑፉን ዊልያም ጆዌት እ.ኤ.አ. በ1820 ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1840 ታተሙ። ዛሬ በእጃችን ያሉት የ1954 ዓ.ም. ትርጉምም ሆነ አዲሱ መደበኛ ትርጉም የመጡት ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። ቃሉ በአማርኛ የደረሰን በአንድ የመነቃቃት ሌሊት ሳይሆን በዐሥር ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ታማኝነት እንዲህ ነው፤ ቀን ያለው፣ ሰዓት ያለው፣ ማንም የማያየው ሥራ።

ሰምና ወርቅ በእኛ መድረክ

ታዲያ እኛ ይህን ቃል እንዴት እናነበዋለን? ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምሥራቅ ጎጃም ከተሞች በአንዱ፣ በአንድ የቤት ኅብረት ውስጥ መጽሐፈ ሩትን ሰበክሁ። ቦዔዝ የክርስቶስ ምሳሌ ነው፤ ሩት ከአሕዛብ የተጠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዐውድማው ከጌታ ጋር የምንገናኝበት ስፍራ ነው አልሁ። ጉባኤው «አሜን» አለ። ስብከቱ ሲያበቃ አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ቦዔዝ ለአጫጆቹ ሒሳባቸውን በጊዜው ይሰጣቸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን ስጠይቃቸው፣ ልጃቸው በዚያው ኅብረት ለሚገኝ አንድ ወንድም በቀን ሥራ ውሎ ሁለት ሳምንት ያህል ደመወዙን አላገኘም ነበር። ያ ወንድም በስብከቱ ሰዓት እንባ አውጥቶ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፉን እንደ ገና አነበብሁት። ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ ለአጫጆቹ ሰላምታ ይሰጣል (2፥4)። ጎበዞቹ ባዕዲቱን ሴት እንዳይነኳት ያዝዛል (2፥9)። በምሳ ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር ያበላታል (2፥14)። ከነዶው ሆን ተብሎ እንዲጣልላት ያደርጋል (2፥16)። ነገሩንም በስውር ሳይሆን በከተማው በር፣ በዐሥር ሽማግሌዎች ፊት ይጨርሳል (4፥2)። ከዚህ ሁሉ በስተ ጀርባ በዘሌዋውያን 19፥9-10 ያለው የቃርሚያ ሕግ አለ። ከዚያው ምዕራፍ ቁጥር 13 ደግሞ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ማለዳ እንዳይቆይ ያዝዛል። ለጎጃም ገበሬ ቃርሚያ፣ ነዶና ዐውድማ መዝገበ ቃላት የሚያሻቸው ነገሮች አይደሉም። እኔ ግን ሰሚው በሚገባ የሚያውቀውን ዘልዬ ወደማያውቀው ሄድሁ። በከተሞቻችን ደግሞ መጽሐፉ ከዚህም ጠብቦ «ቦዔዜን እየጠበቅሁ ነው» ወደሚል የትዳር ምኞት ወርዷል።

የዚህ አነባበብ ማራኪነት ከየት እንደ መጣ መረዳት ከባድ አይደለም። ያደግነው በሰምና ወርቅ አገር ነው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ የተሸሸገው። ጥበበኛ የሚባለው ወርቁን ያወጣ ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ ስንቆም ግልጹን ትእዛዝ መናገር የደካማ ሰባኪ ሥራ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ምሳሌውን ከአንጥረኛው ቤት ስናየው ሌላ ነገር ያስተምረናል። አንጥረኛው አስቀድሞ በሰም ቅርጹን ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ወርቁ የሚይዘው ሰሙ የተወለትን ቅርጽ ነው። ሰሙን በትክክል ያልሠራ አንጥረኛ ወርቅ ቢኖረውም ጌጥ አይኖረውም። እንደዚሁም ቦዔዝ የክርስቶስ ጥላ ነው ማለት የምንችለው አስቀድመን ቦዔዝ ምን ዓይነት አሠሪ፣ ምን ዓይነት ጎረቤት እንደ ነበረ ካየን ነው። ያን ዘልለን የምናወጣው «ክርስቶስ» ቅርጽ የሌለው ነው፤ ደመወዝ የሚያስቀር ሰው አልቅሶለት ሳይነካው ያልፋል።

የአንድምታ መምህራን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ሥርዓት አላቸው። ንባቡ ይነበባል፤ በአማርኛ ይፈታል፤ «አንድም» እየተባለ ሌላ ሌላው ፍች የሚደረደረው ከዚያ በኋላ ነው። የሚደርሱበትን ድምዳሜ ሁሉ አንቀበልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ንባቡን ትተን በቀጥታ ከ«አንድም» እንጀምራለን።

ተመሳሳዩ ነገር በተስፋ ቃሎቻችን ላይ ይታያል። ኤርምያስ 29፥11 በቤታችን ግድግዳና በስልካችን ላይ ተሰቅሏል። ያ ጥቅስ ግን በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች ከተላከ ደብዳቤ የተወሰደ ነው። ደብዳቤው አስቀድሞ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ይላል (ቁ. 5-7)፤ የመመለሻውንም ዘመን ሰባ ዓመት ያደርገዋል (ቁ. 10)። ቁጥር 11ን ይዘን ቁጥር 7ን የተውን ሰዎች ነን። ኢያሱ 1፥3ን ይዘን የእግራችንን መርገጫ «እንወርሳለን»፤ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 7 እና 8 ሕጉን ስለ መጠበቅ የተነገረውን ግን በዚያው ድምፅ አንናገርም። ፊልጵስዩስ 4፥13ን ለስኬት መፈክር አድርገን፣ ሐዋርያው በእስር ሆኖ መራብንም መጥገብንም ተምሬአለሁ ያለበትን ቁጥር 12 እንረሳለን። ተስፋው የእግዚአብሔር ነው፤ ከትእዛዙ የለየነው ግን እኛ ነን።

በተውነው የምንታወቅ ሰዎች

ሁለተኛው ትችቴ ስለ መለያችን ነው። በዚህ አካባቢ አንድ ሰው ወንጌልን ሲቀበል ጎረቤት ቀድሞ የሚያየው የተወውን ነው። ማዕተቡን አወለቀ፤ ጾሙን ተወ፤ ጠላና አረቄ አይቀምስም፤ ዝክር አይዘክርም፤ ተዝካር አያወጣም። ከእነዚህ አንዳንዶቹን በኅሊና ምክንያት መተዋችን ተገቢ ነው። ችግሩ የታማኝነታችን ዝርዝር በዚህ ሲያበቃ ነው። በተውነው ከታወቅን በኋላ በምናደርገው ለመታወቅ አልደከምንም።

ሐዋርያው በኤፌሶን 4 ያለው አሠራር ግን ሁለት ወገን አለው፦ ማውለቅና መልበስ። በቁጥር 28 ላይ ሌባ ከሌብነቱ መቆም ብቻ አይበቃውም፤ በእጁ ሠርቶ ለጎደለው የሚያካፍል እስኪሆን ድረስ ይሄዳል። በዚህ መለኪያ ተዝካርን የተወ አማኝ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ለተዝካር ይወጣ የነበረው እህልና ገንዘብ ወዴት ሄደ? የሟች ልጆች በእርሱ ምክንያት ትምህርት ቤት ገቡ? ባልቴቷ ማሳዋ ታረሰላት? ካልሆነ ጎረቤቱ «ከወጪ ሸሸ» ቢል ምን እንመልስለታለን?

ጥቂት በሆንበት አገር የመቃብር ቦታና የእድር ጉዳይ ብርቱ ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። አንዳንዱ አማኝ ሬሳው የት እንደሚያርፍ ሳያውቅ ይኖራል። ነገር ግን መገለላችን ሁሉ ስለ ክርስቶስ ነው ወይ ብለን መጠየቅ አለብን። የጎረቤት ለቅሶ ላይ ያልተገኘ፣ ቃሬዛ ያልተሸከመ፣ ወንፈል ተጠርቶ የቀረ ሰው በኋላ ብቻውን ቢቀር፣ ያ ስደት ሳይሆን የዘራው ነው። ጴጥሮስም ስለ ክርስቶስ ስም መከራ የሚቀበለውን ሰው በራሱ ክፋት ከሚቀጣው ይለየዋል (1ጴጥ. 4፥14-16)።

ገበያ፣ ደምና ወሬ

ቃሉ በዕለት ኑሮ የሚፈተንባቸውን ሦስት ስፍራዎች ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው ገበያ ነው። ጤፍ የሚሸጥ አማኝ እናስብ። አሞጽ 8፥5 ሚዛንን ስለሚያጣምሙት ነጋዴዎች ሲናገር፣ ሰንበቱ እስኪያልፍ የሚቸኩሉ አምላኪዎች መሆናቸውን ይገልጻል። ከአምልኮ አልቀሩም፤ ልባቸው ግን እህሉ ጋ ነበር። ስንዴ ከጤፍ ጋር ስንት ጊዜ ይቀላቀላል? ላይኛው ኩንታል አንድ ዓይነት፣ ታችኛው ሌላ ዓይነት ሆኖ ስንት ጊዜ ይሸጣል? ዘር በሚዘራበት ወቅት ለተቸገረ ገበሬ በአራጣ ያበደረ ወንድም በቤተ ክርስቲያን ሽምግልና ይገባዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በመድረክ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ሁለተኛው ደም ነው። በገጠሩ ደም መመለስ ያልሞተ ልማድ ነው። ወንድሙ የተገደለበት አማኝ ዘመዶቹ «አንተ ወንድ አይደለህም?» ሲሉት ማቴዎስ 5፥44 ለእርሱ የግድግዳ ጥቅስ አይደለም፤ ክብሩን፣ ምናልባትም ሕይወቱን የሚያስከፍል ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሰው «ይቅር በል» ብላ ብቻ ማሰናበት አትችልም። አብራው ወደ ሽማግሌዎች መሄድ፣ ቤተሰቡን መያዝ፣ ፍርድ በሕግ እንዲሆን መቆም አለባት።

ሦስተኛው ወሬ ነው። በክልሉ ውስጥ ግጭቱ ተባብሶ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ አንድ ያልተጣራ ቃል ሰውን ሊያስገድል የሚችልበት ወቅት ላይ ነን። ዘፀአት 23፥1 ሐሰተኛ ወሬን ማንሣትን ይከለክላል። በስልካችን አንድ መልእክት ከመላካችን በፊት ይህ ቃል ካልከለከለን በሌላ ጊዜ የሚከለክለን አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማንሣት እንዳይነጣጠሉ አጥብቀው የተከራከሩ ሰው ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ትተው አልሄዱም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። በሞታቸው የተገለጠው ታማኝነት በዚያ ቀን የተፈጠረ አልነበረም። አስቀድሞ በቢሮ ሥራ፣ በደብዳቤና በስብሰባ የተለማመዱት ነበር።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ወደ ሕግ መመለስ አይደለም ወይ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በጸጋ ብቻ መዳናችን የቆምንበት መሠረት ነው። ነገር ግን ኤፌሶን 2፥8-9ን ስናነብ ቁጥር 10ን መተው አንችልም፤ የዳንነው አስቀድሞ ለተዘጋጀ መልካም ሥራ ነው። ቲቶ 2፥11-12 ደግሞ ራሱ ጸጋው እንደሚያስተምር ይናገራል። ዲትሪክ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ «ርካሽ ጸጋ» ብሎ የተቸው፣ ደቀ መዝሙርነት የሌለበትን ይቅርታ ነበር። ያ ወንድም ደመወዙን ቢከፍል ጽድቁን አይገዛበትም፤ ባይከፍል ግን የዘመረለትን ጸጋ አልተማረም ማለት ነው።

ሌላው «ምሳሌያዊ አነባበብ ክልክል ነው ማለትህ ነው?» ይለኛል። አይደለም። ጌታ ራሱ ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ ስለ እርሱ የተጻፈውን ተርጉሞላቸዋል (ሉቃ. 24፥27)። ክርስቶስን በብሉይ ኪዳን ማየት ግዴታችን ነው። የምቃወመው ክርስቶስን ከትእዛዙ ለማምለጫ መጠቀምን ነው።

ሦስተኛው «ጥቂቶች ነን፤ በሰላም መኖራችን ራሱ ይበቃል» የሚለው ነው። ድካሙን እረዳለሁ። ጴጥሮስ የጻፈው ግን ለተበተኑ መጻተኞች ነው፤ በአሕዛብ መካከል መልካም ኑሮ እንዲኖራቸው የነገራቸውም ለእነርሱ ነው (1ጴጥ. 2፥12)። ጥቂትነት ከታዛዥነት የሚያሳርፍ ምክንያት አልሆነላቸውም።

ማጠቃለያ

ለሰባኪዎችና ለሴሚናሪ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ አይደለም። መጽሐፍን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ እንስበክ፤ ያን ጊዜ የማይመቸንን ቁጥር መዝለል ይከብደናል። በየስብከቱ ዝግጅት «ይህ ቃል ማክሰኞ ዕለት፣ በገበያና በማሳ፣ ማንን ምን ያስደርገዋል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልስ ካላገኘን ስብከቱ ገና አላለቀም። በስብከት ዘዴ ክፍሎቻችንም ተማሪው የክፍሉን ግልጽ ትርጉም ሳያስረዳ ወደ ምሳሌው እንዳይሻገር እናድርግ። የቤት ኅብረቶቻችን ደግሞ ባለፈው ሳምንት የተማርነውን ማን እንደ ፈጸመው በፍቅር የምንጠያየቅባቸው ይሁኑ።

እኔም ያንን ወንድም ሄጄ አነጋገርሁት። ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈታም። በመጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ከፊሉን ከፈለ፤ ቀሪውን ደግሞ ጤፍ ሲሸጥ ጨረሰ። ወደዚያ ኅብረት በተመለስሁ ጊዜ መጽሐፈ ሩትን እንደ ገና ሰበክሁ፤ ከቃርሚያው ጀመርሁ። «አሜን» የሚለው ድምፅ እንደ ፊተኛው አልበዛም። እኚያ እናት ግን ከልጃቸው ጋር ከፊት ተቀምጠው ነበር።